ከጀርባዋ የደበዘዘው ልጅ

ፎቶ ማንሳት የተማርኩት ወድጄ አይደለም። በዚያን ጊዜ በቀበሌያችን ያለ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ወይ ኪነት፣ ወይ ስፖርት፣ ወይ ማርሽ ባንድ። እኔ ድምፄ ለዘፈን አይሆን፣ እግሬ ለሩጫ አይሆን። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በወጣት ማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ «የፎቶግራፍ ትምህርት ለሚፈልጉ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ፣ ቁጭ ተብሎ የሚማሩት ነገር መስሎኝ ተመዘገብኩ።

ቤታችን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ መርካቶ ውስጥ ክርና ቁልፍ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ፣

«ፎቶ አንሺ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት።

«እንግዲህ» አለች፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰላት።

አባቴ ግን ጫማውን እያወለቀ፣ «ተያት ትማር። ከሰልፍ ይሻላል» አለ። አባቴ ስለ ዘመኑ ሲናገር ከዚህ የበለጠ ሰምቼው አላውቅም።

አስተማሪያችን ከራጉኤል ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ነበሩ። ቀበሌው ወጣቶችን አስተምሩ ሲላቸው እምቢ ማለት የሚቻል ስላልነበረ እሺ ያሉ ይመስለኛል። ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳን ያለፈ፣ ቡናማ ጋውን የማይለያቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከፎቶ ቤታቸው ግድግዳ በአንዱ ላይ የአበባ አትክልትና ደረጃ የተሳለበት ሸራ ተዘርግቷል። በሌላው ላይ መስታወት ተሰቅሎ፣ ማበጠሪያው እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሯል። መደበኛ ደንበኞቻቸው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰባት ሆነን ሄድን። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከመካከላችን አንድ በጣም ረጅም ልጅ ነበር፤ ቁመቱን የት እንደሚያደርገው የማያውቅ፣ በገባበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ገጭቶ የሚጥል። ረጅሙ ነበር የምንለው። ገና ከመቀመጣችን፣

«ጋሼ፣ ካሜራው የታለ?» አላቸው።

ጋሼ ከጠረጴዛቸው ስር የጫማ ካርቶን አወጡ። ክዳኑን በምላጭ ቆርጠው አራት ማዕዘን መስኮት አበጁለትና ሰጡት። «ይኸው» አሉት። ለሁላችንም አንድ አንድ ቆረጡልን። ወራት አለፉ እንጂ ካሜራ አልነካንም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ያንን ካርቶን ይዘን መርካቶን እንዞራለን፤ በመስኮቱ ውስጥ እናያለን፤ ያየነውን ለጋሼ እንነግራለን።

መርካቶ ውስጥ ደግሞ ባዶ ቦታ የሚባል የለም። አንዲት አሮጊት በርበሬ ስትመርጥ ለማየት ካርቶኔን ከፍ ባደርግ፣ ወዲያው ፍራሽ የተሸከመ ሰው ይገባበታል፤ እሱ ሲያልፍ አህያ፤ አህያው ሲያልፍ ሁለት የሚከራከሩ ነጋዴዎች። ተናድጄ ለጋሼ አቤት አልኳቸው።

«ሁሉን ልያዝ ብለሽ ነው» አሉኝ። «ፎቶ ማንሳት ማለት መተው ነው። መጀመሪያ ምን እንደምትተዪ ወስኚ። ከዚያ እግርሽን አንቀሳቅሺ፤ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትሄጂ አህያው ከሴትዮዋ ጀርባ ይደበቅ ነበር።»

ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ጫማ ጠራጊ አየሁ አልኳቸው፤ ልክ መሀል ላይ እንዳደረግኩት በኩራት ነገርኳቸው።

«መሀል ላይ የሚቆመው ለመታወቂያ ነው» አሉ። «ሰውየው ወዴት ነበር የሚያየው?»

«ወደ ቀኝ።»

«እንግዲያው በቀኙ በኩል ቦታ ተይለት። ዓይኑ የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። ፊቱ ላይ ግድግዳ ከጣልሽበት ይታፈናል።»

ቀስ በቀስ ያደግኩበትን ሰፈር እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳ ደንበኛ ሲገባ በሩ እንዴት አድርጎ እንደሚከብበው አያለሁ። እናቴ በመንገድ ስንሄድ ቆም ስል «ምን ዓይነት ልክፍት ነው የያዘሽ» ትለኝ ነበር።

ካሜራው በመጨረሻ መጣ። የወጣት ማኅበሩ የሩሲያ ካሜራ ነበር፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ ቆዳ ቦርሳው የሚሸት። ጋሼ መነጽሩን ከካሜራው ፈትተው ወደ መስኮቱ አዞሩትና ውስጡን አሳዩን። ቀጫጭን ብረቶች ተደራርበው መሀላቸው ላይ ቀዳዳ ሠርተዋል። ቀለበቱን ሲያዞሩት ቀዳዳው ይጠባል፤ መልሰው ሲያዞሩት ይሰፋል። ዲያፍራም ይባላል አሉን።

«የክር ጥቅል ከአባትሽ ሱቅ ታመጪልኛለሽ?» አሉኝ። አመጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ጥቅሎቹን አንዱን ከአንዱ ኋላ አድርገው እስከ ግድግዳው ድረስ ደረደሯቸው። ካሜራውን አስጠግተው መካከለኛውን ጥቅል በፎከስ ያዙትና በየተራ እንድናይ አደረጉን። ቀዳዳው ሲሰፋ መካከለኛው ጥቅል ብቻ፣ የክሩ ጭራ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ቀልጠዋል። ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ምስሉ ይጨልማል፤ ግን ከመጀመሪያው ጥቅል እስከ ግድግዳው ስንጥቅ ድረስ ሁሉም ይጠራል።

«ለምን እንዲህ ይሆናል?» አለ ረጅሙ።

«እናትህ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ዓይኗን ምን ታደርጋለች?»

«ታጠብባለች።»

«ለምን?»

«እንዲጠራላት።»

«ይኸው ነው። ዓይንህን ስታጠብብ ብዙ ነገር ይጠራልሃል፤ ብርሃን ግን ታጣለህ። ስለዚህ ቀዳዳውን ካጠበብክ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ ከፍተህ ሳይንቀሳቀስ መያዝ አለብህ። ካሰፋኸው ቶሎ ታነሳለህ፤ ግን አንዱን መርጠህ ሌላውን ታጣለህ።» ከዚያ ቀለበቱ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አሳዩን። ትንሹ ቁጥር ሰፊው ቀዳዳ ነው፣ ትልቁ ቁጥር፣ ዐሥራ ስድስት፣ ጠባቡ። ይህ ግልብጥ ያለ ነገር ረጅሙን እስከ መጨረሻው ግራ እንዳጋባው ነው።

እኔ ሰፊውን ቀዳዳ ወደድኩት። በመርካቶ ግርግር መሀል አንድን ሰው ብቻ ነጥሎ የሚያወጣ፣ አህያውንም ፍራሹንም የሚያቀልጥ ነገር ማግኘቴ አስማት መሰለኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ለሁላችን አንድ ፊልም ተሰጠንና እህል በረንዳ ሄደን እንድናነሳ ተወሰነ። ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ይዘናል። ሆኖም ካሜራው ከቦርሳው ሲወጣ የእህል ገበያው ሁሉ ፊቱን አዞረብን። እህል ደብቃችኋል እየተባለ መጋዘን የሚታሸግበት ጊዜ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ከቀበሌ የመጣ ካሜራ ምን እንደሚፈልግ አያጡትም። አንዱ የጤፍ ጆንያውን በሸራ ሸፈነ። ሌላው፣ «ልጆች፣ ከፈለጋችሁ እኔን አንሱኝ፣ መጋዘኑን ተዉት» አለን። ጋሼ በየሱቁ እየገቡ፣ ተማሪዎች ናቸው፣ ለመማር ነው እያሉ ያስረዱ ነበር።

እሳቸው እዚያ ሲደክሙ እኔ አንዲት ሴት አየሁ። ከመኪና ላይ ጆንያ ሲወርድ የሚፈሰውን እህል ጠርገው፣ አበጥረውና አንፍሰው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዷ ናት። ሰፌዷን ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የጤፍ አቧራ አርፎ ቅንድቧን አንጥቶታል። ተጠግቼ፣

«እትዬ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔን? ምን ሊያደርግልሽ?»

«ለትምህርት ነው።»

«አንቺ ነሽ የምታነሺው?» አለችና ሳቀች። «ሴት ካነሳችኝስ እነሳለሁ። ግን ትሰጪኛለሽ?»

እሰጥዎታለሁ አልኳት፤ ፎቶ ቤቱ የት እንደሆነ ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ሰማዩ ደመና ስለነበር፣ እኔም ስለምወደው፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው አሰፋሁት። በምታይበት በኩል ቦታ ተውኩላት። ከኋላዋ ተሸካሚዎች «ወገድ! ወገድ በሉ!» እያሉ ይተላለፋሉ፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ተሰቅሏል። ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርጌ አነሳሁ። ከዚያ ካሜራውን ተራው ለደረሰው ለረጅሙ ሰጠሁት።

ፊልሙ በታጠበ ማግስት ጋሼ የእኔን ፎቶ መስኮቱ አጠገብ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። የሴትዮዋ ቅንድብ ላይ ያለው አቧራ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ኋላዋ ያለው ሁሉ እንደ ጉም ሆኗል። «ይሄ ፎቶ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አላሉም፤ ለእኔ ግን በቃኝ። የረጅሙን ሲያዩ ደግሞ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ዘመም ብሏል፤ መጋዘኑ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል፤ በአንድ በኩል የአህያ ቂጥ፣ በሌላ በኩል ግማሽ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ነጋዴ። ዲያፍራሙ ዐሥራ ስድስት ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «ትልቁ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው። ካሜራው እንዳይወድቅብኝ ደግሞ ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት» አለ።

የበዓል ሰሞን የወጣቶች ሥራ በቀበሌው አዳራሽ ለእይታ ቀረበ። ጥልፍ አለ፣ ሥዕል አለ፣ የእኛም ፎቶዎች በሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር እጁን ኋላው አጣምሮ እያየ መጣና የእኔ ፊት ቆመ። ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

«ይሄን ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አልኩ።

«ይሄ ከኋላ ያለው ቀዩ ምንድን ነው? መፈክር አይደለም?»

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀይ መሆኑን ያወቀው ጨርቁን እዚያ ያሰቀለው እሱ ራሱ ስለነበር ነው።

«መፈክሩ ለምን አይነበብም? የሴትዮዋ የቆሸሸ ነጠላ ክሩ ሳይቀር ይታያል፤ መፈክሩ ግን ጠፍቷል። ማን ነው ያጠፋው?»

ጋሼ ከኋላ መጡ። «መነጽሩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ በዚያው ዝግ ባለ ድምፃቸው። «ቀዳዳው ሲሰፋ ከኋላ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። መፈክር ስለሆነ አይደለም፤ ግድግዳውም ደብዝዟል፣ ሰዎቹም ደብዝዘዋል።»

«ቀዳዳውን ማን አሰፋው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሼ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ። እሷ ተማሪ ናት፤ አሰፊው ያልኳት እኔ ነኝ።»

ይህ እውነት አልነበረም። እሳቸው በዚያ ሰዓት የጥራጥሬ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ሆነው ስለ እኛ ሲለምኑ ነበር። ሊቀመንበሩ ወደ ቢሮው ይዟቸው ገባ። እኛ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት በር ላይ ቆመን ጠበቅን። ማንም ሻይ አላዘዘም። በዚያ ዘመን ቢሮ የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ፣ መውጣቱንስ ማን ያውቃል? ረጅሙ እጄን ሊይዘኝ ፈልጎ ትከሻዬን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረገኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጋሼ ወጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ግን በእግራቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን አሉዎት?» አልኳቸው፤ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

«ምንም። ነገ ትምህርት አለ፤ እንዳትቀሩ» አሉ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ግን ከእኔ ጎን ሆነው፣ ሌላው ሳይሰማ፣ «ፎቶሽ ጥሩ ነው። ዛሬ የቀረበበት ክስ ጥሩነቱን አይወስድበትም» አሉኝ።

በማግስቱ ተሰብስበን ስንጠብቅ ካሜራውን ይዘው መጡ፤ ቀለበቱን አዞሩና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዐሥራ ስድስት ላይ ነን» አሉ። ለምን እንደሆነ አላሉም። አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸውም ጋውናቸውን እያስተካከሉ ወደ ሸራው ዞሩ። በዚያ ዓመት ሁሉን አጥርቶ ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ ተማርኩ። ሁሉም ነገር ከጠራ ደግሞ ሁሉም ቦታውን መያዝ አለበት፤ ከሰው ጭንቅላት ላይ የበቀለ የመብራት እንጨት ከእንግዲህ በብዥታ አይሸፈንም።

ክረምቱ ወጥቶ አንድ ቀን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ወለል እየጠረግኩ ሳለሁ ያቺ የእህል በረንዳ እትዬ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ልግባ አልግባ አለች። መጀመሪያ አላወቅኳትም፤ አቧራው ከፊቷ ላይ ታጥቧል፣ ከስታለች።

«ልጄ፣ ያኔ ያነሳሽኝ ፎቶ አለ?»

«አለ፣ እትዬ። ይግቡ። ሲቀሩብኝ ጊዜ ረሱት ብዬ ነበር።»

«ለኔ አይደለም» አለች። «ያኔ ስታነሺኝ ልጄ ከኋላዬ ነበር አይደል? ጆንያ ያወርድ ነበር። አለበት?»

ጋሼ ከጨለማው ክፍል ወጡና ወንበር ሰጧት። ነገሩን ቀስ እያለች ነገረችን። ከጎጃም የመጣችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው፤ ልጁን አዝላ። እሱ ነፍስ ሲያውቅ እዚያው እህል በረንዳ ተሸካሚ ሆነ። ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ነበር፤ ወጣት ከመንገድ የሚታፈስበት። አንድ ማለዳ ለሥራ እንደወጣ ከጓደኞቹ ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማችም።

«አሉ የተባለበት ማሠልጠኛ ሄጄ ነበር» አለች። «ስሙን ብነግራቸው፣ እናቴ፣ በዚህ ስም ስንት ሰው አለ አሉኝ። ፎቶ አለሽ ወይ አሉኝ። ፎቶ ከየት አመጣለሁ? መታወቂያ ታወጣ ዘንድ ተነሳ ብዬው ነበር፤ ነገ ነገ ሲል ቀረ። በተኛሁበት ነው ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ።»

ኔጌቲቩን አወጣን። ምስሉን ወረቀት ላይ በሚያሳድገው ማጉያ ውስጥ ከተን ጋሼ አሳደጉት። አዎ፣ ከግራ ትከሻዋ ኋላ አንድ ሰው አለ። ጆንያ ከትከሻው እያወረደ ይመስላል። ጋሼ ፎከሱን ወዲህ አዞሩት፣ ወዲያ አዞሩት። የእሷ ቅንድብ ይጠራል፤ እሱ ጥላ ነው። ወረቀቱን አጥበን አምጥተን ሰጠናት። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ ነው» አለች። በጣቷ ሳትነካው ትከሻውን አሳየችኝ። «ቀኙ ዝቅ ይላል፤ ከልጅነቱ ነው። እሱ ነው።» ከዚያ ወደ ጋሼ ቀና አለች። «ግን ይሄን ለሌላ ሰው ባሳየው፣ ይለይልኛል?»

ጋሼ መዋሸት ይችሉ ነበር። «አይለይም፣ እመቤቴ» አሏት። «ፊቱ ፊልሙ ላይ የለም። የሌለውን ማውጣት አልችልም።»

ራሷን ነቀነቀች። አመስግና፣ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ልትነሳ ስትል ጋሼ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ካንቺ በኋላ ያነሳው ማን ነበር?»

ሮጠን ኔጌቲቮቹን አወጣን፤ ወደ መብራቱ አነሳናቸው። ያ የተሳቀበት ፎቶ፣ የአህያው ቂጥና ጭንቅላቱ የተቆረጠው ነጋዴ። ጋሼ ማጉያ መነጽራቸውን አስጠግተው አዩና መነጽሩን ሰጡኝ። ከአህያው አጠገብ፣ ከጥጉ ላይ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ጎንበስ ብያለሁ። ከፊቴ እትዬ ሰፌዷን ይዛለች። ከሷ ኋላ አንድ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ፊት አለ፤ ወደ ካሜራው ዞሯል። ጥርት ብሏል።

የማጉያው ራስ እስከ ቋሚ ዘንጉ ጫፍ ቢወጣም ፊቱን ለማሳደግ አልበቃም። ጋሼ ማጉያውን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አዞሩት፤ ብርሃኑ በራቀ ቁጥር ምስሉ ስለሚያድግ ወደ ወለሉ ጣሉት፤ ወረቀቱን ሲሚንቶው ላይ አነጠፍን። ጎረቤት ያለውን ረጅሙን ልኬ አስጠራሁት፤ መጥቶ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ። እትዬን ወደ ጨለማው ክፍል አስገባናት። በቀዩ መብራት ውስጥ ወረቀቱን ሳህኑ ላይ ባለው ፈሳሽ ነከርኩት። በመጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ የፀጉሩ ጥላ መጣ፤ ቅንድቡ፤ ጥርሱ። እየሳቀ ነበር። ማን ምን ብሎት እንደሳቀ እንጃ። ምስሉ ትልቅ ስለተደረገ ነጠብጣብ በዝቶበታል፤ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፊት ግን ፊት ነው።

እትዬ ሳህኑ ላይ ጎንበስ አለችና፣ ከእንቅልፉ የነቃ ልጅ እንደምታናግር፣

«መጣህ?» አለችው።

ቆይቶ ጋሼ፣ «እመቤቴ፣ ገና ነው፤ በሌላው ሳህን ማለፍ አለበት» ብለው በመቆንጠጫ አነሱት።

ስትወጣ የረጅሙን ሁለት እጆች ይዛ ሳመችው። እሱ አፈረ። «እትዬ፣ እኔ እኮ አላየሁትም» አላት። «እንዳለም አላወቅኩም።»

«ይሁን» አለች። «እግዜር ይስጥህ።»

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ጋውናቸው ላይ የተረጨውን ውሃ እየጠረጉ ወደ ረጅሙ ዞሩ። «ቢሆንም ካሜራ ቀጥ ተደርጎ ይያዛል» አሉት።

ፎቶውን ይዛ ማሠልጠኛው ሄደች። አንዴ ከበር መለሷት። ደግማ ስትሄድ አንድ አሥር አለቃ ፊቱን አይቶ፣ አውቀዋለሁ፣ እዚህ ነበር፣ ወደ ሰሜን ተልኳል፣ ሲሄድ ደኅና ነበር አላት። ይህን ለመንገር ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። ብዙ ሰው ይህን ያህል እንኳ ስላላገኘ ደስታ ነበር። ከዚያ ግን ዓመታት ሲያልፉ ወሬ አልመጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታልፍ ትገባ ነበር። ስለ ልጇ ካላነሳችው አናነሳባትም፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ወገቧ እናወራለን።

እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልመጣልኝም፤ ጋሼ ዘንድ ሥራ ጀመርኩ። እናቴ ስለዚህ ነገር ከጎረቤት ጋር ስታወራ «ልጄ ፎቶ ቤት አላት» ማለት የጀመረችው ወዲያው ነው፤ ጋሼ ይህን ሰምተው ስቀዋል። ረጅሙን ወላጆቹ ከአፈሳ ሊያሸሹት ክፍለ ሀገር ዘመድ ዘንድ ሰደዱት፤ እዚያው የአናጺ ልጅ አግብቶ ቀረ።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ከተማው ከሰሜን በእግራቸው በሚገቡ ወታደሮች ተሞላ። የተቀዳደደ ልብስ፣ ያበጠ እግር፣ ቁራሽ የሚለምን ዓይን። በፎቶ ቤቱ መስኮት ሲያልፉ ባየን ቁጥር እኔም ጋሼም ሥራችንን አቁመን ፊታቸውን እናያለን። እትዬ ደግሞ ሰፌዷን ትታ ከመንገዱ ዳር መዋል ጀምራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተና ገባች። ከኋላዋ አንድ ሰው አለ። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጺሙ አድጓል፤ አንዱን እግሩን ይጎትታል። እኔ ትከሻውን አየሁ፤ ቀኙ ዝቅ ብሏል። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ወንበሩን ለእሱ ገፉለት።

«እነዚህ ናቸው ያልኩህ» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። «እናቴ ነግራኛለች።»

ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ፤ ደገምኩለት። ከጎንደር ጀምሮ በእግሩ እንደመጣ፣ በየመንገዱ ያሉ ገበሬዎች ቆሎና ጠላ እየሰጡ እንዳሳለፏቸው ነገረን። ስለ ጦርነቱ አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ጋሼ፣

«ፎቶ እናንሳህ? ከእናትህ ጋር። ስጦታ ነው» አሉት።

መስታወቱን አየና ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገው። «አሁን አይሆንም፣ ጋሼ» አለ። «ልወፍርና እመጣለሁ።»

«ደግ» አሉ ጋሼ።

እናቱ ቀድማው ተነሳች። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ያበጠረችውን ስንዴ ለጎረቤቷ አደራ ብላ ነው የመጣችው፤ ዝናብ እንዳይመታው ፈርታለች። «ተነስ፣ እንሂድ» አለችው። የሸሚዙን እጅጌ ያዘች፤ እሱም እንድትይዘው ተወላት፤ በሰው መሀል ወደ እህል በረንዳ ወረዱ።